ሰፈሩ ሁሉ የሚልካት ልጅሽ

ሙኒዬ፣

ካለሽበት ሰላም ይድረስሽ። ከተለየሽን ወዲህ ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ደመናውን ወጨጫ ተራራ ላይ መደርደር ጀምሯል። ያለፈውን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ እያለቀስኩ ስለነበር እኔው ራሴ መልሼ ማንበብ አቅቶኝ ነበር። የዛሬው ግን የለቅሶ አይደለም። ዛሬ ወሬ ይዤ ነው የመጣሁት፤ ያኔ ሱቁን ዘግቼ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ የምጀምርልሽ፣ አንቺም "መጀመሪያ ቁጭ በል" የምትዪኝ ዓይነት ወሬ።

ደህና፣ ተቀምጫለሁ። የሰፈሩን ካላስቀደምኩ ሌላውን እንደማትሰሚኝ ስለማውቅ ከሱ ልጀምር። ጎረቤትሽ ብርቄ ጉሊቷን ቆርቆሮ አልብሳ "አትክልት ቤት" ብላዋለች፤ ቲማቲሙ ያው ነው። ኦቦ ገመቹ ወፍጮ ቤታቸውን ሰማያዊ ቀብተውታል፤ ለምን ብሎ ደፍሮ የጠየቃቸው የለም። ከዓለም ገና የሚመጡት ባጃጆች ተራ መጠበቂያቸውን ወደ በራችን አስጠግተው ከጠዋት እስከ ማታ ይጣሉልናል። ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል፣ ሐያት ከትምህርት ቤት መልስ በስኳር ጆንያና በግድግዳው መሃል ተሸጉጣ የምታነብባት፣ አሁን የሳሙና ካርቶን ሞልቶባታል። ልጅሽን ከዚያ አውጥቻታለሁ። የዛሬው ወሬዬ እንዴት እንደወጣች ነው።

መነሻውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን መልሼ ባወራው ደስ ይለኛል። ትምህርት ቤት ዓይን ሊመረምሩ የመጡ ጊዜ ሐያት "ደህና" የሚል ወረቀት ይዛ መጣች። አንቺ ግን አፍንጫዋን ቴሌቪዥኑ ላይ ለጥፋ ስታይ ስለምታዪያት አላመንሽም። ከዚያ አንድ ቀን ሳህን እያጠበች "ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ" እያለች ታንጎራጉራለች። የምን ዘፈን ነው ብለሽ ብትጠይቂያት፣ ለካ መርማሪዎቹ ግድግዳ ላይ የሰቀሉት የምልክት ሰንጠረዥ ነው። ልጆቹ ምርመራው ፈተና መስሏቸው፣ ቀድሞ የገባው ሲወጣ ምልክቶቹ ወዴት ወዴት እንደዞሩ ለተሰለፉት በሹክሹክታ ያቀብል ነበር። ጓደኛን በፈተና መሃል መጣል ነውር ነዋ። እንዲህ ተደርጎ የክፍሉ ልጅ በሙሉ ዓይኑ ደህና ሆነ። አንቺ መጀመሪያ መቆም እስኪያቅትሽ ሳቅሽ፤ በማግስቱ ግን ልጅቷን ይዘሽ አዲስ አበባ ገባሽ። ሩቅ አይታያትም፣ ቁጥሯ ማይነስ አንድ ተኩል ነው አሏት። ስትመለሺ ያ ሁሉ ሳቅ ጠፍቶ ነበር።

ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ልጅ ሆነሽ ተፍኪ ከተማ ስትማሪ ሰሌዳው እንደማይታይሽ ማንም ሳያውቅልሽ፣ ሰነፍ ስትባዪ ኖረሽ፣ መነጽር ያደረግሽው አሥረኛ ክፍል ስትደርሺ ነው። ካደረግሽም በኋላ ቁጥሩ መጨመሩን አልተወም፤ እኔ ሳገባሽ መስተዋቱ የጠርሙስ ቂጥ አክሎ ነበር። ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። ባንኮኒው ጋ ስኳር እየመዘንሽ "የሚበርቅ ነገር አየሁ" አልሽ፤ ብዙም ሳይቆይ በግራ ዓይንሽ ጥግ በኩል መጋረጃ ወረደ። ሐኪሞቹ ዓይንሽ በጣም በመለጠጡ ከውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ሳስቶ ከቦታው ተላቀቀ አሉን። በዚያኑ ቀን ብንሮጥም፣ ቀዶ ሕክምናም ቢደረግልሽ፣ ያ ዓይን ብዙ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ በአንድ ዓይን ሱቁንም፣ ልጅሽንም፣ እኔንም ስታስተዳድሪ ኖርሽ።

የወሰደሽ ሌላ ሕመም ነው። አልጋ ላይ ሆነሽ ያሳሰበሽ ግን ያው የዓይን ነገር ነበር። ሌላ ኑዛዜ አልነበረሽም። "አንድ ነገር ልላክህ" አልሽኝ፣ ብርቄ ጋ ሽንኩርት እንደምትልኪኝ ሁሉ። "የሐያት ዓይን እንደኔ ሳይሆን አድርስልኝ።" እሺ አልኩሽ እንጂ መንገዱን አላውቀውም ነበር።

አንቺ በሄድሽ ዓመት ቁጥሩ ሁለት ተኩል ገባ። በቀጣዩ ምርመራ ሦስትን አልፎ ሩብ ጨመረ። ሐኪሟ፣ ያቺ ድምፅዋ ለስለስ ያለው ወጣት ሴት፣ ወረቀት ላይ እንቁላል ሥላ አስረዳችኝ። ልጅ ሲያድግ ዓይኑም አብሮ ያድጋል፤ የሐያት ግን ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ እየረዘመ ነው። ከእናቷ ወርሳዋለች፣ መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ ቤት መዋሉም አግዞታል። በዚሁ ከቀጠለ ትልቅ ስትሆን እናቷ የነበረችበት ትደርሳለች አለችኝ። እናቷ የት እንደነበረች ለእኔ የሚነግረኝ አያስፈልግም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰማይ ሲበርቅ እንኳ ያ የባንኮኒው ጠዋት እየመጣብኝ እደነግጥ ነበር።

የታዘዘልን ነገር አስማት አልነበረም። መነጽሩን በሙሉ ቁጥሩ፣ ቀኑን ሙሉ ማድረግ። ከመተኛቷ በፊት በየዓይኗ አንድ ጠብታ፣ የዓይኑን መርዘም የሚያዘገይ። መጽሐፉን ከፊቷ ማራቅ፣ በየመሃሉ ቀና ብሎ ሩቅ ማየት። ደግሞ በየቀኑ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ደጅ፣ በቀን ብርሃን። ደመና ሲሆንስ ብዬ ብጠይቃት፣ ደመናም ቢሆን ከቤት ውስጥ አምፖል ይበልጣል አለችኝ። ደጅ መዋል በይበልጥ የሚጠቅመው ገና ያልጀመረውን ልጅ ለመከላከል ነው፣ ለጀመረው አጋዥ ነው እንጂ ብቻውን አያቆምም፣ ጠብታውን እንዳትተዉ ብላም አስጠነቀቀችኝ። እኔ ከሁሉም "አጋዥ" የምትለዋን ቃል ይዤ ተመለስኩ።

ምክር የሚሰጥ አልጠፋም። እህቴ ዘሃራ ከቡራዩ መጣች። መጣች ስልሽ ታውቂያታለሽ፤ በሩ ሳይከፈት ነው የምትገባው። መነጽር ዓይን ያሰንፋል አውልቁት፣ ማር ጠብ አድርጉበት፣ ካሮት አብሏት አለች። ማሩን ተቀብዬ ዳቦ ላይ ቀባሁት። ካሮቱን ብርቄ ደስ ብሏት ሸጠችልን። የመጨረሻው ንግግሯ ግን አስቆጣኝ፤ "መነጽር ያደረገች ልጅ ማን ያገባታል" አለች። እኔ ማንን እንዳገባሁ ረስታው ነው።

አጎቴ ሊያስተዋውቀን ቤታችሁ ይዞኝ የመጣ ዕለት፣ አክስትሽ መነጽርሽን አስወልቃ ማስታጠቢያ አስይዛ ላከችሽ። ውሃውን ከእጄ አሳልፈሽ በእጅጌዬ እስከ ክርኔ አንቆረቆርሽው። እንዳላሳፍርሽ ዝም አልኩ፤ አንቺ ደግሞ የታጠብኩ መስሎሽ ወደ አጎቴ አለፍሽ። እጄን ሳልታጠብ፣ እጅጌዬ እየተንጠባጠበ በላሁ። ልቤ የቆረጠው ያን ቀን ነው። ኒካህ ካሰርን በኋላ መነጽርሽን አድርገሽ ስታዪኝ "እንዲህ ነህ እንዴ" ብለሽ የሳቅሽውን ሳቅ እስካሁን ለማንም አልነገርኩም።

ወደ ወሬዬ ልመለስ። ጠብታውን ቶሎ ለመድኩት፤ መጀመሪያ ላይ ዘይት መቅዳት የለመደ እጄ ጉንጯን ብቻ ነበር የሚያርሰው። ያስጨነቀኝ ሁለቱ ሰዓት ነው። ሱቁን ጥዬ ላንሸራሽራት አልችልም። "ውጪ ተጫወቺ" ስላት "እሺ አባ" ትልና መጽሐፏን ይዛ ከደጃፉ ጥላ ሥር ትቀመጣለች። መጽሐፉን ስቀማት የዘይት ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ታነባለች። ካንቺ ነው የወጣችው፣ ማንን ልውቀስ።

መፍትሔው ከወፍጮ ቤት መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ገመቹ በራቸው ላይ ሆነው "ሐያት፣ ኮቱ" ብለው ጠሯትና ባዶ ምሳ ዕቃቸውን መስኩ ዳር ያለው ቤታቸው እንድታደርስ ላኳት። በኛ ሰፈር ልጅ የሁሉም ነው፤ የጠራው ሁሉ ይልከዋል፣ እምቢ የሚል ልጅም አላየንም። ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ቀልቷል፣ ጫማዋ ሣር ይዟል፣ "ኦቦ ገመቹ ላማቸው ወለደች" የሚል ወሬም ይዛለች። ሰዓቱን ሳየው ግማሽ ሰዓት ደጅ ቆይታለች። ባንኮኒው ላይ ተደግፌ አሰብኩ። እኔ ስለምናት የማትወጣው ልጅ ጎረቤት ሲልካት ትሮጣለች።

በማግስቱ ዕቃ ሊገዛ የመጣውን ሰው ሁሉ ልጄን ላኩልኝ ብዬ ለመንኩ። ብርቄ መጀመሪያ የታመምኩ መስሏት ግንባሬን ነካች። ስለ ዓይኗና ስላንቺ አደራ ስነግራት ግን መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ሙኒዬ፣ ሰፈሩ የሚልክበት ነገር አጣ እንጂ መላኩን አላቋረጠም። ብርቄ "ወፍጮ ቤት ሂጂና ክፍት መሆኑን ጠይቂልኝ" ትላታለች፣ የወፍጮው ድምፅ መስኮታችንን እያንቀጠቀጠው። ኦቦ ገመቹ ደግሞ መልሱን ወዲያው አይሰጧትም፤ መጀመሪያ ባጃጅ ተራው ድረስ ሄዳ ሰልፉ ረጅም ይሁን አጭር አይታ እንድትመጣ ያዟታል። አንድ ድንች ልትመልስ የተላከችበት ቀን አለ። አንዲት ምስኪን ዶሮ በሐያት እጅ ሦስት ቤት ዞራ ማታ ወደ ባለቤቷ ተመልሳለች።

ተልካ በተመለሰች ቁጥር ምርቃቱ ያው "እደጊ" ነው። ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛ "ጉደዹ" ይሏታል። ሐኪሟ ዓይኗ ከመጠን በላይ አደገ እያለችኝ፣ ሰፈሩ ቀኑን ሙሉ እደጊ እደጊ ሲላት እየሰቀጠጠኝ መጣ። ለብርቄ ብነግራት ሳትስቅብኝ ትንሽ አሰበችና ምርቃቱን አስተካከለችው፤ "እደጊ፣ ዓይንሽ ባለበት ይቁም።" አሁን ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚመርቃት። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ሲሰማ እርግማን ይመስለዋል።

ልጅሽ ደግሞ ሞኝ አይደለችም። ብዙም ሳይቆይ ነቃችብን። "አባ፣ የሚፈልጉት ነገር እኮ የለም" አለችኝ። በቃ ልታቆም ነው ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ዋጋ ተመነች። የሚልካት ሰው፣ ከመሄዷ በፊት ስለ እናቷ አንድ ነገር ይነግራታል፤ ያልነገረ አይልክም። ብርቄ፣ በአንድ ጃንጥላ ስትሄዱ ተያይዛችሁ ቦይ ውስጥ የወደቃችሁበትን፣ አንቺም ከውሃው ሳትወጪ መነጽሬን ፈልጊልኝ እያልሽ የጮኽሽውን ነገረቻት። ኦቦ ገመቹ፣ ሚዛናቸው እንደተዛባ በአንድ ዓይንሽ አይተሽ፣ ሰው ሳይሰማ በጆሯቸው ስለነገርሻቸው እስከ ዛሬ እንደሚያመሰግኑሽ ነገሯት። ይህን እኔም አላውቅም ነበር። ማታ እራት ላይ በየቀኑ አዲስ ሙኒራ ታመጣልኛለች።

ሁሉም ግን ደስ አላለውም። ወሬው ቡራዩ ድረስ ደረሰ። እናት የሌላትን ልጅ የሰፈር ተላላኪ አደረጋት፣ እናቷ ብትኖር ማን ይደፍራት ነበር ተባለ። ይህ አጥንቴ ድረስ ገባ። ዘሃራ ሐያትን ልትወስዳት ሻንጣ ይዛ መጣች፤ እኔ ቤት፣ ከቤት ሳትወጣ፣ በክብር፣ መጽሐፏን ይዛ ትቀመጣለች አለችኝ። እህቴ ክፋት የላትም፤ የፈራሁት ያንን "ከቤት ሳትወጣ" የሚለውን ነው።

ሐያት አልነበረችም፤ ተልካለች። ዘሃራ "ራሴ አመጣታለሁ" ብላ ወጣች። ብርቄ ጋ ስትደርስ ሐያት ወደ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ወፍጮ ቤት ስትደርስ ወደ መስኩ ወርዳለች። መስኩ ላይ ስትደርስ ወደ ባጃጅ ተራው ታጥፋለች። በየደጁ ደግሞ አክስቷ መሆኗን ሲያውቁ ውሃ እያጠጡ፣ ስለ ልጅቷ ዓይንና ስላንቺ አደራ እያወሩ ነው የሚሸኟት። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ላቧን እየጠረገች ተመለሰች፤ ሐያት ቀድማት ገብታ እየጠበቀቻት ነበር። ዘሃራ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ሻንጣውን በእግሯ ወደ ጥግ ገፋችው። ቀጥላ "እስኪ ሂጂና ብርቄ ጋ ጃንጥላዬን ረስቼዋለሁ፣ አምጪልኝ" አለቻት። ሐያት አልተነሣችም፤ ዋጋዋን ጠበቀች። የእጅጌዬን ታሪክ፣ ያኔ ከእኔው የሰማችውን፣ ዘሃራ ያወጣችው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅሽ እጄን ስታስታጥበኝ ሆን ብላ ወደ ክርኔ ታንቆረቁርብኛለች።

ጠብታውን በጀመርን በስድስተኛው ወር ስንመረመር ቁጥሩ ሩብ ብቻ ጨምሮ ሦስት ተኩል ሆኖ ነበር። ሐኪሟ ጥሩ ነው፣ ፍጥነቱ ቀንሷል አለችኝ፤ እኔ ግን ያቺን ሩብ ይዤ ተከዝኩ። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ገዛሁላት፤ ሰፈሩም ጭቃ ነው ብሎ አልሰነፈም፣ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ከየበሩ "ሐያት" የሚል ድምፅ ይሰማል። በጋውንም እንደዚሁ ዘለቅነው።

ባለፈው ሳምንት የዓመቱ ምርመራ ደረሰ። ከጠዋቱ ታክሲ ይዘን፣ እኔ እየሰጋሁ፣ ሐኪሟ ወዳለችበት አየር ጤና ሄድን። ሐያት መስኮት ይዛ የሱቆቹን ስም በሩቁ ታነብልኛለች፣ አይዞህ ማለቷ ነው። ሐኪሟ ሰንጠረዡ ፊት አስቀመጠቻት። ያ የሳህን ማጠቢያ ዘፈን ትዝ አለኝና "ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ገልብጪው፣ ይህች ልጅ በቃሏ ትይዛለች" አልኳት። ሳቀችብኝ፤ ግን ገለበጠችው። ሐያት እስከ ታችኛው መስመር ወረደችው። በዚያው ባምናው መነጽር ሙኒዬ። ከዚያ አገጯን መሣሪያው ላይ አደረገች። መሣሪያ ደግሞ ሹክ የሚለው ጓደኛ የለውም።

ሦስት ተኩል። ካምናው አንዲት ሩብ እንኳ አልጨመረም። ሐኪሟ የዓይኗን ርዝመትም ለክታ ከድሮው ጋር አስተያየችውና እሷም ፈገግ አለች። የሱቁ መቃን ላይ ቁመቷን እያሰመርክ ያዝ ብለሽኝ አልነበር? በዚህ ዓመት አራት ጣት አድጋለች። እግሯ አድጓል፣ ምላሷ አድጓል፣ ዓይኗ ባለበት ቆሟል። ብርቄ የመረቀቻት ምርቃት ቃል በቃል ደረሰ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። "አባ፣ ሰው እያየን ነው" አለችኝ። ይየን አልኳት።

ስንመለስ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ላክኳት። ከሱቁ ከረሜላ በሁለት እጇ አሳቅፌ፣ በየቤቱ "ዓይኔ ቆመልኝ" ብለሽ ንገሪ አልኳት። የብርቄ እልልታ ባጃጅ ተራው ድረስ ተሰማ። ኦቦ ገመቹ ወፍጮውን አጥፍተው ወጡ፤ በሥራ ሰዓት ወፍጮ ሲቆም ሰው የሞተ መስሎት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣና ከረሜላ እየበላ ተመለሰ። ለዘሃራ ስልክ ብደውልላት፣ እኔስ ብዬ አልነበር አለችኝ። አዎ ብለሽ ነበር አልኳት፤ በዚህ ቀን ከእህቴ ጋር አልከራከርም። ደግሞ ብርቄ አሁን የልጅ ልጆቿንም ከስልክ ላይ እያነሣች ትልካቸዋለች። ያልጀመረውን ይከላከላል ያለችውን ሐኪሟን ከእኔ በተሻለ ሰምታታለች።

ሥራው አላለቀም፣ አውቃለሁ። እድገቷ እስኪያበቃ ጠብታውም፣ ምርመራውም፣ መላኩም ይቀጥላል፤ ቁጥሩ ሌላ ጊዜ ሊንቀሳቀስ እንደሚችልም ተነግሮኛል። ቢንቀሳቀስ እንንቀሳቀሳለን። ይህን ዓመት ግን አሸንፈናል፤ ይህን ማንም አይወስድብንም።

አልረሳሽም ብዬ አልምልልሽም፤ ልርሳ ብልስ ልጅሽ መቼ ትተወኛለች። መነጽርሽ መሳቢያው ውስጥ አለ። በየዒዱ አውጥቼ እጠርገዋለሁ፣ ሐያትም አንድ ጊዜ ዓይኗ ላይ አድርጋ "እማ በዚህ ነው ያየችኝ" ትልና ትመልሰዋለች። እሷ የራሷ ልጆች ኖሯት እስክትልካቸው ድረስ፣ ዕድሜ ከሰጠኝ፣ ዋጋውን እኔም እከፍላለሁ፤ ለእያንዳንዱ ጉዞ ስላንቺ አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። የኒካሁን ሳቅ ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። በኛ ሰፈር ተልኮ ያደረሰ ሰው ሳይመረቅ አይቀርም። ጢሜ ሸብቷል፣ በዕድሜም እበልጥሽ ነበር፣ ታናሽ ታላቁን አይመርቅም ትዪኝ ይሆናል። ግን ቀድመሽኝ ሄደሻልና ዛሬ ታላቄ አንቺ ነሽ። የላክሽኝን እያደረስኩ ነው ሙኒዬ። እደግ በይኝ።

ባልሽና ተላላኪሽ
ጀማል
ሰበታ